ሰነድ፣ ቴስት፣ ከዚያ ኮድ፦ የጊት ኦርደር ፋይል ግምገማ ከቱሉ ዲምቱ

ዛሬ የምገመግመው ዕቃ ገንዘብ አይጠይቅም። ሱቅ ሄዳችሁም አትገዙትም። ኮምፒውተራችሁ ላይ ጊት (የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚይዘው ፕሮግራም) ካለ እሱም አብሮ አለ። ኦርደር ፋይል ይባላል። ጊትን ለዓመታት ሲጠቀሙ ኖረው ስሙን ያልሰሙ ብዙ ፕሮግራመሮች አውቃለሁ። እኔ ፓች፣ ማለትም በኮድ ላይ የሚደረገውን ለውጥ የያዘ ጽሑፍ፣ እልካለሁ፣ ከሌሎች የሚመጣልኝንም እገመግማለሁ። ከጊት ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

ሥራው አንድ ነው። በአንድ ፓች ውስጥ የተቀየሩት ፋይሎች በምን ተራ እንደሚታዩ ይወስናል። ኮዱን አይነካም። ኮሚቱንም፣ ማለትም ጊት ታሪኩ ውስጥ የመዘገበውን ለውጥ፣ አይለውጥም። አንባቢው ፊት ማን ቀድሞ ይቅረብ የሚለውን ብቻ ነው የሚያስተካክለው። ፓቹን የተቀበለው ሰው ኮዱ ላይ ሲያስገባውም ተራው ለውጥ አያመጣም። ውጤቱ ያው ነው።

ካልነገርነው በስተቀር ጊት ፋይሎችን የሚደረድረው በስማቸው የእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ነው። ማህደሮቻችሁ ዶክስ፣ ሶርስ እና ቴስትስ ከተባሉ ሰነዱ ይቀድማል፣ ኮዱ ይከተላል፣ ቴስቱ (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሸው) መጨረሻ ይመጣል። የኮዱን ማህደር አፕ ካላችሁት ግን ኮዱ ከሁሉም ፊት ይሰለፋል። እንግዲህ ገምጋሚው መጀመሪያ የሚያየውን የወሰነው ማነው? ፕሮጀክቱ ሲጀመር ለማህደሩ ስም ያወጣው ሰው ነው። ያ ሰው ስለ ገምጋሚ አላሰበም። ሊያስብም አይጠበቅበትም።

እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት ጫፍ። ከሥራዬ ከፊሉን ከኮንዶሚኒየም ቤቴ እሠራለሁ። በሌሎቹ ቀናት መሃል ከተማ ወዳለው ቢሯችን እሄዳለሁ። ጠዋት በቃሊቲ በኩል ወደ ከተማ መግባት ምን እንደሚመስል የዚህ ሰፈር ሰው ያውቀዋል። አውቶቡስ ላይ መቀመጫ ካገኘሁ ስልኬን አውጥቼ ፓች አነባለሁ። ስልኬ ላይ ተርመክስ የሚባል መተግበሪያ አለ። እሱ ውስጥ ጊት ራሱ፣ ያው ኮምፒውተር ላይ ያለው ዓይነት፣ ይሠራል። ከቤት ሳልወጣ አዳዲሶቹን ኮሚቶች በዋይፋይ አወርዳለሁ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ዳታ አያስፈልገኝም። ኔትወርክ ቢቆራረጥም ግድ የለኝም።

ስልክ ላይ ግን ፓች እንደ ትልቅ ስክሪን አይነበብም። ሁለት ፋይል ጎን ለጎን መክፈት የለም። ወደ ላይና ወደ ታች መዝለልም አድካሚ ነው። ከላይ ያለው ይነበባል፣ ከታች ያለው ተራውን ይጠብቃል። ሳሪስ ስንደርስ ሰው ይበዛል፣ ስልኩን ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ። ስለዚህ ከቃሊቲ እስከ ሳሪስ ያነበብኩት የፓቹ ዋና ሐሳብ መሆን አለበት። ኦርደር ፋይልን የወደድኩት በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ፣ ነገሩ በምሳሌ ነው የሚገባው።

ቡድናችን ለሱቆችና ለትንንሽ ድርጅቶች የሂሳብ መመዝገቢያ ይሠራል። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። አንድ ጊዜ የጳጉሜን 6ኛ ቀን የሚመለከት ፓች መጣልኝ። እንደምታውቁት ጳጉሜ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ቀን ትሆናለች፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍላችሁ 3 ከተረፈ ያ ዓመት ነው። 2007 ነበር፣ 2011 ነበር፣ 2015 ነበር። የሚቀጥለው 2019 ነው። መመዝገቢያው ጳጉሜ 6ን አልቀበልም ይል ነበር፤ ፓቹ ይህን ያስተካክላል።

የእኛ የኮድ ማህደር ስሙ አፕ ነው። በፊደል ተራ ብከፍተው መጀመሪያ የማገኘው የሂሳብ ስሌት ነው። እዚህ 4፣ እዚያ 3፣ አንድ ቦታ 1 ይደመራል፣ ሌላ ቦታ 1 ይቀነሳል። ይህን ያነበበ ሰው ምን ያደርጋል? መገመት ይጀምራል። ይሄ ለምን ተደመረ? ቆጠራው ከ0 ነው ወይስ ከ1? ግምቱ ትክክል ይሁን አይሁን የሚያውቀው ገጾች ወርዶ ሰነዱ ጋ ሲደርስ ነው።

በኦርደር ፋይሉ ስከፍተው ግን ፊቴ መጀመሪያ የመጣው ሰነዱ ነው። አጭር ነው። ጳጉሜ 6 ተቀባይነት ያለው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ብቻ መሆኑን ይናገራል። በሌላ ዓመት ከገባ ስህተት እንደሚመለስም ይናገራል። ቀጥሎ ቴስቱ መጣ። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 በፈረንጆች ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 መሆን አለበት ይላል። መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው ይላል። ጳጉሜ 6 ቀን 2014 ደግሞ ስህተት መመለስ አለበት ይላል። እነዚህን ቀናት ማንም ሰው ከግድግዳ ካላንደር ላይ ሊያረጋግጣቸው ይችላል። ኮድ ማወቅ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ቆሜ አሰብኩ። ኮዱን ገና አላየሁም። ሰነዱ የገባውን ቃል አውቃለሁ፣ ቴስቱ ምኑን እንደሚያረጋግጥም አውቃለሁ። በሁለቱ መካከል የጎደለ ነገር ታየኝ። ሱቆች ዱቤ ሲሰጡ መመዝገቢያው የመክፈያውን ቀን ቀን እየደመረ ያሰላል። ከጳጉሜ 5 ቀን 2015 ቀጥሎ ያለው ቀን ጳጉሜ 6 ነው፣ መስከረም 1 አይደለም። ይህን የሚጠይቅ ቴስት አልነበረም። ጽፌ ላኩ፣ ተጨመረ። አዲሱ ቴስት ወደቀ፤ የቀን መደመሪያው አሁንም ጳጉሜን በአምስት ይቆርጣት ነበር። እሱም በዚያው ፓች ተስተካከለ።

ኮዱን ቀድሜ ባነብ ኖሮ ይህን አየው ነበር? አይመስለኝም። ኮድ አንባቢውን ያሳምናል። በደንብ የተጻፈ ኮድ ደግሞ የበለጠ ያሳምናል። አንዴ ኮዱን በጻፈው ሰው አስተሳሰብ ውስጥ ከገባችሁ፣ ቴስቱን የምታነቡት ኮዱ የሚሠራውን እየጠበቃችሁ ነው። ኮዱ የረሳውን ቴስቱም ሲረሳው አታስተውሉም። ቃሉን መጀመሪያ፣ ማረጋገጫውን ቀጥሎ ስታነቡ ግን ኮዱን የምትከፍቱት ጥያቄ ይዛችሁ ነው። በእኔ እምነት የዚህ ዕቃ ዋጋ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ሌላም ያልጠበቅኩት ጥቅም አለው። ሰነድ አጻጻፋችን ተሻሻለ። ቀድሞ ሰነዱ ከኮድ በታች ተቀብሮ ስለሚመጣ «የቀን ችግር ተስተካከለ» ዓይነት አንድ መስመር ይበቃ ነበር። አሁን ገምጋሚው መጀመሪያ የሚያየው እሱን መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ይታሰብበታል። አንድ ወጣት ባልደረባችን መጀመሪያ ላይ የእኔን ፓች ከፍቶ «ጋሼ፣ ኮዱ የታለ?» አለኝ። «ከታች አለልህ፣ መጀመሪያ ምን ሊሠራ እንደታሰበ አንብበው» አልኩት። አሁን እሱ ራሱ ሰነዱን ኮድ ሳይነካ ነው የሚጽፈው።

ሐሳቡ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ኪውኢሙ የተባለው የቨርቹዋል ማሽን ፕሮጀክት ኦርደር ፋይሉን ከኮዱ ጋር አብሮ ያስቀምጠዋል። እዚያ ሰነዶች ከፊት ናቸው። የሲ ቋንቋ ሄደር ፋይሎችም ከሲው ኮድ ይቀድማሉ፣ ምክንያቱም የውጭ ገጽታውን የሚነግሩት እነሱ ናቸው። ሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ውስጥ ደግሞ የሰነድ መቅደም ደንብ የሆነበት ቦታ አለ። ስለ አንድ ሃርድዌር የዲቫይስ ትሪ መግለጫ (ሃርድዌሩ ለከርነሉ እንዴት እንደሚገለጽ የሚናገር) የምትጽፉ ከሆነ፣ ሰነዱ ራሱን የቻለ ፓች ሆኖ፣ ከሚጠቀምበት ድራይቨር (ሃርድዌሩን ከሚያሠራው ኮድ) ቀድሞ እንዲመጣ ይጠየቃል። የሊኑክስ ጀማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ጊትን በ2005 እ.ኤ.አ. ሲጀምረው የከርነሉ ሰዎች ፓች በኢሜይል ይለዋወጡ ነበር። ዛሬም ይለዋወጣሉ። በኢሜይል ፓች የሚያነብ ሰው ከላይ ወደ ታች ነው የሚያነበው፣ እንደ እኔ አውቶቡስ ላይ።

አሁን አንድ ነገር መለየት አለብን፣ ብዙ ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነውና። በአንድ ፓች ውስጥ ያለው የፋይሎች ተራ አንድ ነገር ነው። ተከታታይ ፓቾች ሲላኩ የፓቾቹ ተራ ሌላ ነገር ነው። ኦርደር ፋይል የሚያስተካክለው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

«ቴስቱን ለብቻው አንደኛ ፓች አድርገህ ላክ፣ ጥገናውን ሁለተኛ አድርግ» የሚሉ አሉ። ምክንያታቸው ጠንካራ ነው። ቴስቱ ከጥገናው በፊት መውደቁ፣ ከጥገናው በኋላ ማለፉ በዓይን ይታያል። ሁልጊዜ የሚያልፍ ቴስት ምንም አያረጋግጥም። የድር ጣቢያ መሥሪያው ጃንጎም ፓች ሲገመገም ቴስቱ ያለ ጥገናው የሚወድቅ መሆን እንዳለበት ይጠይቃል። በዚህ እስማማለሁ። ለብቻው ይላክ በሚለው ግን አልስማማም።

ምክንያቱ ባይሴክት ነው። ጊት ባይሴክት አንድ ባግ (የኮድ ስህተት) የገባበትን ኮሚት የሚፈልገው ታሪኩን ለሁለት እየከፈለ ነው። 1000 ኮሚት ቢኖር 10 ያህል ፍተሻ ይበቃዋል። ድንቅ ነገር ነው። ግን መንገዱ ላይ ያሉት ኮሚቶች ጤነኛ መሆን አለባቸው። እያወቃችሁ የሚወድቅ ቴስት ለብቻው ካስገባችሁ፣ ቴስቱን እያስኬደ የሚፈልገው ባይሴክት እዚያ ላይ ሲደርስ ይሳሳታል። የከርነሉ የፓች አላላክ መመሪያም ይህንን ይላል፦ ከተከታታይ ፓቾች እያንዳንዱ ከገባ በኋላ ከርነሉ መገንባትና መሥራት አለበት፣ ባይሴክት የሚያደርግ ሰው የትም ቦታ ላይ ሊቆም ይችላልና።

መካከለኛ መንገድም አለ። ቴስቱ «እንደሚወድቅ ይታወቃል» የሚል ምልክት ተደርጎበት ይገባል፣ ጥገናው ሲመጣ ምልክቱ ይነሳል። የጊት የራሱ የቴስት ስብስብ ለዚህ የተለየ ትእዛዝ አለው። የፓይተን ኮድ መፈተሻው ፓይቴስትም ኤክስፌይል የሚባል ምልክት አለው። ጥብቅ ሆኖ ከበራ፣ ይወድቃል የተባለው ቴስት ሲያልፍ እንደ ስህተት ይቆጥረዋል። ባይሴክትን አይረብሽም፣ ጥሩ ነው። ግን ገምጋሚውን ተመልከቱት። ሁለተኛው ፓች ላይ ከቴስቱ የሚታየው የምልክቱ መነሳት ብቻ ነው። የቴስቱ አካል ያለው ሌላ ፓች ውስጥ ነው። ስልክ ላይ ያንን ሄዶ ማምጣት ከባድ ነው።

ስለዚህ እኛ የምናደርገው እንዲህ ነው። አንድ ሐሳብ፣ አንድ ፓች። ሰነዱ፣ ቴስቱና ኮዱ አንድ ላይ ይገባሉ፣ ተራውን ኦርደር ፋይሉ ያስይዛል። ቴስቱ በእርግጥ ይወድቅ እንደነበር ማየት ስፈልግ የአፕ ማህደሩን ብቻ ወደ ቀደመው ኮሚት እመልሰዋለሁ፣ ቴስቱን አስኬዳለሁ፣ ሲወድቅ አያለሁ፣ ከዚያ አፕን እመልሳለሁ። ጊት ሪስቶር ይህን በአንድ መስመር ይሠራዋል። ብዙ ፓች ያለበት ሥራ ሲሆን ደግሞ ጊት ሪቤዝን ከኤግዜክ ጋር ተጠቅሜ ቴስቱን በእያንዳንዱ ኮሚት ላይ አስኬዳለሁ። ያንን መብራት ባለበት ሰዓት ነው የምጀምረው፣ ባትሪ ይጨርሳል።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ትፈጥራላችሁ። በየመስመሩ የፋይል ወይም የማህደር ስም ትጽፋላችሁ። ከላይ ያለው መስመር ይቀድማል። የማህደር ስም ብቻ ከጻፋችሁ በውስጡ ያለው ሁሉ ይካተታል፣ ኮከብ ምልክትም ይሠራል። ባዶ መስመር ይታለፋል፣ በሃሽ ምልክት የሚጀምር መስመር እንደ ማስታወሻ ይቆጠራል። ከዚያ በጊት ኮንፊግ (የጊት ሴቲንግ) ላይ ዲፍ ነጥብ ኦርደርፋይል የሚለውን ወደዚህ ፋይል ታመለክታላችሁ። ለአንድ ጊዜ ብቻ መሞከር ለፈለገ ዲፍ (ለውጡን የሚያሳየው የጊት ትእዛዝ) ላይ ትልቁን ኦ ከፋይሉ ስም ጋር መስጠት ይበቃል። ኮሚትን ወደ ፓች ፋይል የሚቀይረው ፎርማት ፓችም ይህን ተራ ያከብራል። ስለዚህ ፓቹን የምትልኩለት ሰው ምንም ሳያዘጋጅ በእናንተ ተራ ያነበዋል።

አንድ ምክር ልጨምር። ጠባቡን መስመር ከላይ፣ ሰፊውን ከታች አድርጉ። አንድ ፋይል መጀመሪያ በገጠመው መስመር ነው የሚመደበው። ቴስቶቻችሁ አፕ ውስጥ በየክፍሉ ተበትነው ከሆነና አፕ የሚለውን ከላይ ካስቀመጣችሁት፣ ቴስቱ ሁሉ እንደ ኮድ ይታያል። ኮከብ፣ ስላሽ፣ ቴስትስ የሚለው መስመር ከአፕ በላይ መሆን አለበት።

ጉድለቱን ደግሞ እንናገር።

የመጀመሪያው ከባድ ነው። ኦርደር ፋይሉን ኮዱ ውስጥ ካስቀመጣችሁትና ፋይሉ ወዳልነበረበት የድሮ ብራንች (የኮዱ ቅርንጫፍ) ከተመለሳችሁ፣ ዲፍ ስትጠይቁ ጊት ፋይሉን ማንበብ አልቻልኩም ብሎ ይቆማል። ዝም ብሎ ወደ ፊደል ተራ አይመለስም። ለዚህ አንድ ኮከብ ቀንሼበታለሁ። መፍትሔው ፋይሉን ከፕሮጀክቱ ውጭ፣ የራሳችሁ ሆም ማህደር ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ለጊዜው ማጥፋት ከፈለጋችሁ ደግሞ ከትልቁ ኦ በኋላ በፋይሉ ምትክ ዴቭ ነል (ሁልጊዜ ባዶ የሆነውን ፋይል) መስጠት ትችላላችሁ።

ሁለተኛ፣ እኛ ቢሮ የምንጠቀምበት የድር መገምገሚያ ይህን ፋይል አያነበውም። እዚያ ሁሉም ነገር ተመልሶ በፊደል ተራ ነው። ሥራችሁ ሙሉ በሙሉ በድር ገጽ ላይ ከሆነ ጥቅሙ ለራሳችሁ ብቻ ነው፣ ከመላካችሁ በፊት ፓቹን ስታዩት። እሱም ቀላል ጥቅም አይደለም፣ የገዛ ፓቼን በዚህ ተራ ሳነበው ሰነድ የጎደለው ቦታ ወዲያው ይታየኛል።

ሦስተኛ፣ ሴቲንጉ ከኮዱ ጋር አብሮ አይሄድም። አዲስ ሰው ቡድኑን ሲቀላቀል ራሱ ማብራት አለበት። እኛ የአዲስ ሠራተኛ መመሪያችን ላይ አንድ መስመር ጨምረንለታል።

ከአምስት አራት ሰጥቼዋለሁ። ፓች በኢሜይል ወይም በፋይል ለሚለዋወጥ፣ በስልክ ወይም በትንሽ ስክሪን ለሚያነብ፣ ኮድና ሰነድ በአንድ ማከማቻ ለሚያኖር ሰው ሁሉ ዛሬውኑ አብሩት እላለሁ። ኮዳችሁ ሁለት ሦስት ፋይል ብቻ ከሆነ ተዉት።

የኔ ፋይል አጭር ነው፦ ሰነድ፣ ቴስት፣ የዳታቤዝ ለውጥ፣ ከዚያ አፕ። የትርጉም ፋይሎቹን አልጻፍኳቸውም። የትኛውም መስመር ያልገጠመው ነገር ራሱ መጨረሻ ይመጣል። የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ ጽሑፎቹ ረጃጅም ስለሆኑ እዚያ መሆናቸው ይመቸኛል። ገላን የሚኖረው ባልደረባችን ግን የአፋን ኦሮሞውን ትርጉም የሚያየው እሱ ነው፣ የገላን ደንበኞቻችን የሚጠቀሙት ያንን ነው። ሴቲንጉ የየራሳችን መሆኑ ለእሱ ጠቅሞታል። በእሱ ኦርደር ፋይል ላይ ከሁሉም በላይ ያለው መስመር የትርጉሙ ማህደር ነው፣ አፕ ግን ጭራሽ አልተጻፈም።